የማይጣበቅ ወለል

ምድር ቤቱ ወለል ላይ የፈሰሰው ደም አልነበረም። ኢንስፔክተሩ ግን ከደረጃው አናት ሆኖ ሲያየው ደም መስሎት ልቡ ክው አለ። ከትንሿ በርሜል ሥር ጀምሮ እስከ ግድግዳው ጥግ ድረስ የድንጋዩ ንጣፍ ቀልቷል። የበርሜሏ ቧንቧ እንደተከፈተ ነው፤ አፉ ላይ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላ ልውደቅ አልውደቅ ትላለች።

«ሬሳ የለም አይደል?» አለ፣ ለማጣራት ያህል።

«ከዚህ በላይ ምን ሬሳ ይፈልጋሉ?» አለችው ፖሊስ የጠራችው ፋርማሲስት። የወይን ቀማሾች ማኅበር ጸሐፊ ናት፤ ዓይኗ ደም መስሏል።

ኢንስፔክተሩ በሆዱ ተመስገን አለ። ሬሳ የሌለበት ጠዋት ለእሱ የዕረፍት ቀን ማለት ነው። ይልቅ ያሳሰበው ጫማው ነበር። ሚስቱ ገና ትናንት የገዛችለት ነው፤ ሲወጣም «አደራ፣ እንደ አሮጌው አታድርገው» ብላ እስከ በር ሸኝታዋለች። ደረቁን ቦታ እየመረጠ ወደ በርሜሏ ሊጠጋ ሞከረ፣ አልሆነም፤ በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ ቀዩን ረገጠው። የሆነ የሚሰነፍጥ ሽታ አፍንጫውን ወጋ አደረገው። የወይን ጓዳ ሁሉ እንዲህ ይሆናል ብሎ አለፈው። ስለ ወይን የሚያውቀው ነገር ቢኖር ቀይና ነጭ መኖሩን ነው።

«ያው ወይን አይደለም እንዴ?» አላት። «ሌላ በርሜል ሙሉ አለ።»

ፋርማሲስቷ ለሕፃን ልጅ እንደሚነገር ታግሣ አስረዳችው። ሌላው ተራ ወይን ነው። ይሄኛው ግን ገና እየፈላ፣ ስኳሩ ሳያልቅ፣ ጠንካራ አልኮል የተጨመረበት ነው፤ መፍላቱ ይቆማል፣ ጣፋጭነቱ ይቀራል። ከምግብ በኋላ በትንሽ ብርጭቆ ነው የሚጠጣው። ይህ ቤት እንዲህ ያለ ወይን ሲሠራ የመጀመሪያው ነው፤ የተሠራውም ይህችው አንዲት በርሜል ብቻ ናት። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ማኅበሩ ተሰብስቦ ሊቀምሳት ነበር።

«በሩ ተሰብሯል?»

«አልተሰበረም። በቁልፍ እንደተቆለፈ ነው የተገኘው።»

«እንግዲያው ቁልፍ ያለውን ሰው አሳዪኝ።»

*

የጓዳው ባለቤት ባላቸው የሞተባቸው፣ ወይን በመሥራት ያረጁ ሴት ናቸው። ሁሉም «እትዬ» ይሏቸዋል። ሳሎኑ ውስጥ፣ ለቅምሻው ከተሰናዳው ረጅም ጠረጴዛ ራስጌ ቁጭ ብለዋል። ጠረጴዛው ነጭ ጨርቅ ለብሷል፤ ትንንሽ ብርጭቆዎች ተደርድረዋል፤ በየመቀመጫው ፊት አንዳንድ የሸክላ ጣሳ አለ።

«ጣሳው ለምንድን ነው?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ለመትፊያ» አለች ፋርማሲስቷ። «ቀማሽ አይውጥም፤ አጣጥሞ ይተፋል።»

«ታዲያ ለምን ትደክማላችሁ?»

እትዬ ፈገግ ለማለት ሞከሩ፣ አልተሳካላቸውም። «ተቀመጥ ልጄ» አሉት። «ብዙ አትልፋ። ቁልፉ ሁለት ነው። አንዱ ይኸው ወገቤ ላይ ነው፣ ስተኛም አልፈታውም። ሌላው የልጄ ባል ኪስ ውስጥ ነው።»

«እና እሱ ነው ይላሉ?»

«እኔ ምንም አልልም። ቁልፉ ነው የሚለው። ጣፋጭ ወይን እንሥራ ብሎ ነገር ያመጣብኝም እሱው ነው። እሺ ብዬ ሠራሁ። ወይኑ ከተወደደ ጓዳውን እሰጥሃለሁ፣ ብዬ በአፌ ቃል ገባሁለት። አሁን ዕቃህን ሰብስብ ብዬዋለሁ። ከምሳ በፊት ይወጣል።»

«ልጅዎስ?»

እትዬ የወገባቸውን ቁልፍ ጨበጡ። «ልጄማ ባሏን ተከትላ ትሄዳለች፤ ሆዷም ገፍቷል። የልጅ ልጄን ሌላ ሰው ቤት ሄጄ አየዋለሁ ማለት ነው።» ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ኢንስፔክተሩ ማጽናኛ ቢፈልግ ስላጣ ተነሣ። ሴትዮዋ ግን አንድ ነገር እንደ ደበቁት ተሰምቶታል፤ ስለ ወይኑ ሲያወሩ ዓይናቸው ዓይኑን ይሸሽ ነበር።

*

አማቹ ግቢ ውስጥ፣ ሽቦና ፒንሳ የተሞላ ሣጥን እያሰረ ነው። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር፤ ካገባ ወዲህ ጓዳ ወርዶ በርሜል ማገላበጥ ለምዷል። ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ አጭር ነው።

«እኔ ነኝ» አለ፣ ገና ሳይጠየቅ። «ቧንቧውን በደንብ ሳላጠብቀው ቀርቼ ነው። ሌሊቱን ሲፈስ አደረ።»

«መቼ ነው የነካኸው?»

«ትናንት።»

«ትናንት መቼ?»

አማቹ ገመዱን ጎተተ። «ትናንት ነው በቃ።»

ኢንስፔክተሩ በሥራው ብዙ የእምነት ቃል ሰምቷል። እውነተኛው አብዛኛውን ጊዜ እየተንገዳገደ፣ ምክንያት እያበዛ ነው የሚመጣው። የዚህኛው ግን ተጠንቶ የመጣ ነው።

«ከአንተ ሌላ ማን ገባ?»

«ማንም። ማታ ላይ ቆለፍኩት፣ ጠዋት ከእማማ ጋር ከፈትነው፣ አየነው። ሌላ የለም።»

«ሽታው እንዴት ነበር?»

አማቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «ምን ሽታ?»

«እኔ እንጃ። እናንተ ስለ ሽታ ነው የምታወሩት ሲባል እሰማለሁ።»

«እኔ ምንም አልሸተተኝም» አለና ሣጥኑን ተሸክሞ ሄደ። ጆሮው ቀልቶ ነበር።

*

ወጥ ቤት በር ላይ የእትዬ ልጅ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች። ኢንስፔክተሩን በጣቷ ጠራችው።

«ባሌን ከመያዝዎ በፊት ፓይለቱን ይጠይቋቸው» አለችው በሹክሹክታ። «ማለዳ በመስኮት ሳይ፣ የምድር ቤቱ መስኮት ሥር ጎንበስ ብለው ነበር። እዚያ ምን ይሠራሉ?»

ጡረተኛው ፓይለት ከማኅበሩ አባላት ሁሉ ቀድሞ የመጣ ነው። ኢንስፔክተሩ በጨዋ ደንብ ወደ ጓሮ ወሰደውና ጥያቄውን ጣል አደረገበት። ፓይለቱ ግራ ቀኝ ተገላመጠ።

«ለሰው አይነግሩብኝም?»

«እንደ ነገሩ ነው።»

ፓይለቱ መስኮቱ ሥር ካለው የአበባ ማሰሮ ኋላ እጁን ሰደደና ግማሽ የተጨሰ ሲጋራ አወጣ። «የቅምሻ ቀን ማጨስ ክልክል ነው። ሽቶም ክልክል ነው። አፍንጫ ያበላሻል። ሊቀመንበራችን አንድ ጊዜ አንዲት ሴት ፀጉሯን በሽቶ ሳሙና ታጥባ ብትመጣ ከበር መልሰዋታል። እኔን ቢደርሱብኝ ስሜን ይሰርዙታል።»

«ስንት ዓመት አውሮፕላን ያበረረ ሰው ሲጋራ ይደብቃል?»

«አውሮፕላን ላይ አለቃው እኔ ነበርኩ» አለ ፓይለቱ።

ኢንስፔክተሩ ሳቁን ዋጠ። ከማሰሮው ኋላ አንድ ሳይሆን የበርካታ የቅምሻ ጠዋቶች ቁራጭ ሲጋራ ተከምሯል፤ አመዱ ከአፈሩ ጋር ተዋህዷል። ውሸት እንዲህ አይከመርም። የመስኮቱም ፍርግርግ ድመት እንኳ አያሳልፍም።

*

ሊቀመንበሩን ከዚያ በኋላ ነው ያገኘው። ሳሎኑ ውስጥ፣ መስኮቱ አጠገብ፣ ከረቫታ ያሰሩ ረጅም ሽማግሌ ቆመዋል። ማኅበርተኞቹ «ጋሽ አፍንጫ» ይሏቸዋል፤ ስሙ የወጣላቸው ለትልቅነቱ አይደለም። አንድ ብርጭቆ አሽትተው ወይኑ ከየትኛው ተዳፋት እንደተለቀመ፣ የለቀመውም ሰው ዝናብ ያዘው አልያዘው የሚናገሩ ናቸው ይባላል። ቤታቸው ሩቅ ስለሆነ ትናንት መጥተው እዚሁ አድረዋል።

«አይ ልጄ» አሉት ክርኑን ይዘው። «ጠዋት በሩ ሲከፈት ተከትያቸው ወርጄ የተቀበለኝ ሽታ እስክሞት አይጠፋኝም። መጀመሪያ ዘቢብ። ቀጥሎ የደረቀ በለስ። ከሥሩ ማር፣ በጣም የቆየ ማር። ምን የመሰለ ወይን መሰለህ የፈሰሰው።»

ፋርማሲስቷና ፓይለቱ ተያዩ። ከዚያ ሁለቱም አንገታቸውን ነቀነቁ። «ዘቢብማ ግልጽ ነበር» አለ ፓይለቱ። «በለሱም» አለች ፋርማሲስቷ፣ ቀስ ብላ።

ኢንስፔክተሩ ከምድር ቤት ያመጣውን ሽታ ለማስታወስ ሞከረ። ማርም ዘቢብም ትዝ አላለውም። አላዋቂነቴ ነው ብሎ በራሱ ፈረደ። ደግሞ ሽማግሌው የተቀቡት ሽቶ ራስ ያዞራል፤ አጠገባቸው ቆሞ የራስን ስም ማስታወስም ያስቸግራል።

«ትናንት ወደ ጓዳው የወረደ ሰው አይተዋል?»

«ማንንም» አሉ ጋሽ አፍንጫ። «ልጁ ግን ጥሩ ልጅ ነው። እትዬ ቸኩለዋል። ቧንቧ ነው፣ ዕቃ ነው፤ ዕቃ ይበላሻል። ሰው ላይ መፍረድ ለምን አስፈለገ?» ይህን ሲሉ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ከተቱ።

*

ኢንስፔክተሩ ሐሳብ ሲጠፋበት ወጥ ቤት ይገባል። በሥራውም በኑሮውም ያተረፈው ልማድ ነው። የእትዬ ልጅ ቂጡ የጠቆረ ድስት እየፈገፈገች ነበር። ቤቱ ውስጥ ያረረ ወተት ይሸታል።

«አይሳቁብኝ» አለች። «ጠዋት ጩኸቱ ሲሰማ ወተቱን ጥጄ ወጣሁ። ስመለስ ገንፍሎ፣ አርሮ፣ ጭሱ ቤቱን ሞልቶታል። ጋሽ አፍንጫ ከጓዳ ተመልሰው እዚችው ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ጋዜጣ ያነባሉ። እዚህ፣ ከምድጃው ክንድ በማይሞላ ርቀት። ጀርባቸውን ሰጥተው። አንድ ሰው ‹ወተትሽ አረረ› አይልም?»

«ሐዘን ላይ ሆነው ይሆናል።»

«ይሆናል። ማርማላታውንም በድንጋጤ ደፋሁት። እግርዎን ይጠንቀቁ።»

ማስጠንቀቂያው ዘግይቷል። ኢንስፔክተሩ እግሩን ሲያነሣ አዲሱ ጫማ ከወለሉ ጋር ተጣብቆ ጭርርት የሚል ድምፅ አሰማ። ሚስቱ ፊቱ ላይ ድቅን አለችበት። ሶሉን ገልብጦ ሊጠርግ ጎንበስ እንዳለ፣ እንደዚያው ጎንበስ ብሎ ቀረ።

አንድ በርሜል ሙሉ ጣፋጭ ወይን። ስኳሩ ሳያልቅ የተያዘ። ሌሊቱን ሙሉ ድንጋይ ላይ ሲፈስ ያደረ። እሱ ደግሞ መሃሉን ረግጦ ወዲህና ወዲያ ብሏል፤ ጫማው አንድም ጊዜ አልተጣበቀም።

«እህቴ» አለ ሳይነሣ። «ታች ቤት ሌላ ምን ምን በርሜል አለ?»

«የተለመደው ወይን። ደግሞ ጥጉ ላይ አንድ ትንሽ በርሜል አለች፣ ያረጀች። ወይኗ ተበላሽቶ ኮምጣጤ ሆኖ ቀረ። እማዬ ትጣል አለች፤ እኔ ለሰላጣ ይሆነኛል ብዬ አስቀረኋት። ከቤተሰቡ በቀር የሚያውቃት የለም።»

«ዛሬ ወርደሽ አይተሻል?»

«በዚህ ሆዴ? ደረጃው ይገድለኛል።» ድስቱን አስቀመጠችው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «የሚያበሳጨኝ ምን እንደሆነ ያውቃሉ? እማዬ ጋዜጣ የሚያመጣውን ሰውዬ ‹ልጄ› ትለዋለች። እርስዎንም ዛሬ አይታዎት ‹ልጄ› ስትልዎት ሰምቻለሁ። ባሌን ግን ከሠርጋችን ጀምሮ ‹የልጄ ባል› ነው። እሱ ደግሞ አንድ ቀን ትለኛለች ብሎ ነው እዚያ ጓዳ የሚንከባለለው።»

ኢንስፔክተሩ መሀረቡን አውጥቶ ሰጣት። እሱም አማት አለችው፤ ነገሩ ገብቶታል።

*

ፋርማሲስቷን መተላለፊያው ላይ ያዛት።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ በሙያሽ መልሺልኝ። እንዲህ ያለ አልኮል የተጨመረበት ወይን በቀላሉ ይኮመጥጣል?»

«በፍጹም። አልኮሉ የሚያኮመጥጠውን ተሕዋስ ይገድለዋል። ለዚህም ነው...» ንግግሯን አቋረጠች። ፊቷ ቀላ። «እርስዎንም ሸተተዎት እንዴ?»

«ምኑ?»

«ኮምጣጤው ነዋ። ገና በሩ ላይ ነው ያስነጠሰኝ። ግን ጋሽ አፍንጫ ማርና ዘቢብ ሲሉ... እኔ ማን ነኝ? የራሴ አፍንጫ ነው የታመመው ብዬ ዝም አልኩ።»

ፓይለቱም ሲጠየቅ ያንኑ አለ፤ እሱ ደግሞ የሲጋራው ቅጣት መስሎት ነበር።

ኢንስፔክተሩ ወደ እትዬ ተመለሰ። አሁን የሚደብቁት ነገር ምን እንደሆነ ገምቷል። እንዲያውም ለአፍታ፣ ወይኑ ተበላሽቶባቸው እፍረቱን ሽሽት ራሳቸው አፍስሰውት ይሆን ብሎ ጠርጥሯል። በር ዘግቶ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ።

«እትዬ፣ ጠዋት ሲገቡ ምን ሸተተዎት?»

አሮጊቷ የጠረጴዛውን ጨርቅ ጠርዝ ማጠፍ ጀመሩ። «ኮመጠጠ» አሉ በመጨረሻ። «አልኮሉን ሳስቼበት ነው። የመጀመሪያዬ ነው፣ ልኩን አላወቅሁትም። በዚህ ዕድሜዬ ኮምጣጤ ሠርቼ እንግዳ ጠራሁ። ቢፈስ ይሻላል አልኩ በሆዴ፤ ንዴቴን ግን ይህን ወይን ባመጣብኝ ሰው ላይ ተወጣሁት። ጋሼ ማር ማር ሲሉ ደግሞ ሊሸፍኑልኝ ነው ብዬ አመሰገንኳቸው።»

«የልጅዎ ባልም ሸትቶታል። እርስዎ እንዳያፍሩ ብሎ ነው ጥፋቱን የወሰደው።»

እትዬ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። እሳቸው እንዳላፈሰሱት ለማወቅ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም፤ ያፈሰሰ ሰው እንዲህ አይደነግጥም።

ኢንስፔክተሩ እየተገረመ ወጣ። በሥራ ዘመኑ ማስረጃ የደበቀ ሰው አጋጥሞት ያውቃል። ቤት ሙሉ ሰው አንድን ሽታ ሲደብቅ ግን ሲያይ የመጀመሪያው ነው። አንዱ በእፍረት፣ አንዱ በፍቅር፣ የቀሩት በአክብሮት። አንድ ሰው ብቻ ነው ያልደበቀው። ያ ሰው ደግሞ የሌለ ማር ሸትቶታል።

*

አማቹ ቁልፉን ይዞ ከኋላው ወረደ። ኢንስፔክተሩ ቀጥታ ወደ ጥጉ ሄዶ ያረጀችውን በርሜል አንኳኳት። ባዶ ነበረች።

«ትናንት ሙሉ ነበረች» አለ አማቹ ግራ ገብቶት።

«ጉንዳን አለ እዚህ ቤት?»

«መኖሩ አይቀርም። ምነው?»

ኢንስፔክተሩ ተንበረከከ፤ ስለ ሱሪውም ስለ ሚስቱም አላሰበም። በፈሰሰው ቀይ ላይ አንዲት ጉንዳን የለችም። ከተከፈተው ቧንቧ አፍ ግን ጉንዳኖች ቀጭን መስመር ሠርተው፣ ቀዩን በሩቁ ዞረው፣ ግድግዳውን ይዘው ይጓዛሉ። ተከተላቸው። መስመሩ ባዶ ጠርሙስ የሚቀመጥባቸው ሣጥኖች ወደተቆለሉበት ገባ።

ሁለቱ ሣጥኖቹን አንድ በአንድ አነሡ። ከኋላቸው ሆደ ሰፊ የመስታወት ገንቦዎች በጆንያ ተሸፍነው ቆመዋል። ቡሻቸው ጥብቅ ተደርጎ ተወትፏል፤ በአንዱ አንገት ላይ ግን ትንሽ ፈሶ ጉንዳኑ ከቦታል። አማቹ ቡሹን ነቀለና አሸተተ። ከዚያ መሬቱ ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ።

«እሱ ነው» አለ። «ደህና ነው። አልኮመጠጠም።» እንደ ልጅ እየሳቀ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

ኢንስፔክተሩ አጠገቡ ቁጢጥ አለ። «አሁን አስበህ መልስልኝ። ትናንት ማንም አልገባም ብለሃል።»

«አልገባም።»

«ማንም? ከመቆለፍህ በፊትስ?»

«ከዝምታው በኋላ እስከ ቅምሻው ድረስ ማንም አይገባም። ደንባቸው ነው። እኔም ወደ ውስጥ ሳላይ ነው የቆለፍኩት።»

«ዝምታው ምንድን ነው?»

አማቹ እንደ ተራ ነገር ነገረው። አዲስ ወይን ከመቀመሱ በፊት ባለው ምሽት ሊቀመንበሩ ብቻቸውን በር ዘግተው ከበርሜሉ ጋር ይቀመጣሉ። አይቀምሱም፣ አይነኩም። ማንም አይጠራቸውም፣ አያንኳኳባቸውም። ወይኑን ማክበር ነው። ትናንት ረዘም አሉ፤ ሲወጡም ላብ በላብ ሆነው ነበር።

ይህን ተናግሮ ሳይጨርስ አፉ ተከፍቶ ቀረ። ማን ገባ ሲባል «ማንም» ያለው ውሸቱን አልነበረም። ጋሽ አፍንጫ ከበርሜሏ ጋር መቀመጣቸው በእነሱ ቤት መግባት ተብሎ አይቆጠርም።

«እማማ ጋ እንሂድ» አለ አማቹ እየተነሣ።

«ቆይ» አለው ኢንስፔክተሩ። «መጀመሪያ እኔ ከሰውየው ጋር ላውራ።»

*

ጋሽ አፍንጫ አትክልቱ ቦታ፣ ጽጌረዳው ሥር ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ነበሩ። ኢንስፔክተሩ አጠገባቸው ተቀመጠ። አንድ አበባ ቀጠፈና ሰጣቸው። ሽማግሌው ወደ አፍንጫቸው ወሰዱት፣ ከዚያ ቀስ ብለው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አላቸው።

ሊያስተባብሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉት። «ጉንፋን ነበር» አሉ። «ጉንፋኑ ሄደ፣ ሽታውን ይዞት ሄደ። ሐኪሞች ይመለሳል ብለውኛል፣ ላይመለስም ይችላል ብለውኛል። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ሻሿን መሳቢያ ውስጥ አኑሬ በየጠዋቱ አሸታለሁ። አሁን ጨርቅ ነው። ዝም ብሎ ጨርቅ።»

ኢንስፔክተሩ ከጉልበታቸው የተንሸራተተውን አበባ አንሥቶ መለሰላቸው።

«ለሰው አልተናገርኩም። ምን ብዬ? ጋሽ አፍንጫ ያለ አፍንጫ ምን ይባላል? አመመኝ እያልኩ ከቅምሻ ቀረሁ። ዛሬ ግን የእትዬ ቤት ነው፤ ታምሜ ብተኛ አልጋዬ ድረስ ብርጭቆ ያመጡልኛል። ስለዚህ ትንሽ ጊዜ ልግዛ አልኩ። የጎማ ቱቦው እዚያው ነበር፤ ወይኑን ቀድቼ ደበቅሁት። ጥጉ ላይ ያለችውን በርሜል ተራ ቀይ ወይን መስላኝ በባልዲ አፈሰስኳት። የወይን ሽታ ልብሴ ላይ እንዳይቀር ብዬ ሽቶ ተቀባሁ፤ ልኩን ግን በምን ልወቅ?»

«ኮምጣጤ ነበረች።»

ጋሽ አፍንጫ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እና እኔ ማር አልኩ» አሉ። ከዚያ ሳቅም ለቅሶም ያልሆነ ድምፅ አወጡ። «ሰዎቹስ? ሰምተው ዝም አሉኝ?»

«አምነውዎት ነው። ለመሆኑ እሱኑ ለምን አላፈሰሱትም? ነገሩ ያልቅልዎት ነበር።»

ሽማግሌው እንደተሰደበ ሰው ቀና አሉ። «እንዴት አድርጌ ላፍስሰው? ወይን እኮ ነው።»

«ልጁ ግን ዕቃውን ሰብስቧል።»

«አውቃለሁ» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ቧንቧ ነው ይሉታል ብዬ ነበር። ጠዋት እሱ ላይ ሲደርስ አፌን መክፈት አቃተኝ። በዚህ አፈርኩ። በአፍንጫዬ ሳይሆን በዚህ።»

«እኔ የጠፋ ንብረት ፍለጋ ነበር የመጣሁት፤ ንብረቱ ተገኝቷል» አለ ኢንስፔክተሩ ሱሪውን እያራገፈ። «የቀረውን እርስዎ ይንገሩልኝ፤ ከምሳ በፊት ከሆነ ደስ ይለኛል። ካልሆነልዎት እኔ እነግራለሁ፤ ግን እንደ እርስዎ አላሳምረውም።»

*

ሳሎኑ ውስጥ ቆመው ተናገሩ። አላሳመሩትም፤ እንዳለ ነው የነገሯቸው። ሲጨርሱ ከኪሳቸው የማኅበሩን ማኅተም አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ፤ ወደ አማቹም ዞረው «ይቅር በለኝ» አሉት፣ ሽማግሌ ሰው ለወጣት ጎንበስ ብለው።

አማቹ እንዲህ ያለ ነገር አይወድም። ትከሻቸውን ይዞ አቃናቸው። «ወይኑን አላፈሰሱትም» አለ። «ሌላ ሰው ቢሆን ያፈስሰው ነበር።»

ፋርማሲስቷ ማኅተሙን መልሳ ወደ ሽማግሌው ገፋችው። ፓይለቱ ጉሮሮውን ጠረገና፣ መናዘዝ ከተጀመረ አይቀር ብሎ ሲጋራውን ተናገረ። ማንም አልገረመውም፤ ለካ ሁሉም ያውቃል።

ገንቦዎቹ መጡ። የእትዬ ልጅ ብርጭቆ ታድላለች፤ ባሏ ይቀዳል። ወይኑ ወፍራም፣ ጥቁር ቀይ ነው፤ ብርጭቆው ሲዘነበል ቀስ እያለ ነው የሚመለሰው። ደንቡ የመጀመሪያው ብርጭቆ ለሊቀመንበሩ ነው። አማቹም ወደ ጋሽ አፍንጫ ዘረጋው።

«ቆይ» አሉ እትዬ።

ሁሉም ዞረ። አሮጊቷ ከወገባቸው ቁልፉን እየፈቱ ነበር፤ ቋጠሮው የዓመታት ነውና ታገላቸው። ፈትተው ጠረጴዛው ላይ፣ ከአማቹ እጅ አጠገብ አስቀመጡት።

«መጀመሪያ ልጄ ይቅመስ» አሉ።

ወጥ ቤቱ በር ላይ የቆመችው ልጃቸው ፊቷን በፎጣ ሸፈነች። አማቹ ብርጭቆውን ይዞ እንደቆመ ነው፤ ብርጭቆው ማዘንበሉን ስላላየ ወይኑ ጠርዙን አልፎ ወለሉ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። በኋላ ተጎነጨ። ጣሳው ፊቱ ነበር፤ አልተፋም፣ ዋጠው።

«እንዴት ነው?» አሉት እትዬ። እንደ ተማሪ ነበር የጠየቁት።

«ጥሩ ነው እማዬ» አለ። ሌላ ቃል አልመጣለትም።

ከዚያ ለሁሉም ተቀዳ። ማኅበርተኞቹ እንደ ልማዳቸው ብርጭቋቸውን ይዘው የጋሽ አፍንጫን አፍ ጠበቁ። ሽማግሌው ተጎነጩና አፋቸው ውስጥ አገላበጡት።

«ይጣፍጣል» አሉ። «ደረት ላይ ሲደርስ ይሞቃል። እኔ የማውቀው ይህን ነው። የቀረውን እናንተ ንገሩኝ።»

ከዚያ ፋርማሲስቷ እየፈራች «የብርቱካን ልጣጭ» አለች። ፓይለቱ «ኧረ የት ላይ? ቸኮላታ ነው እንጂ» አላት። የእትዬ ልጅ ከሩቁ አሽትታ የለውዝ ነው አለች። ጭቅጭቁ ደራ፤ ድምፃቸው አንዱ ባንዱ ላይ ተደራረበ፣ የእትዬም ከሁሉ በላይ ተሰማ። ጋሽ አፍንጫ መሃላቸው ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ደስ ብሏቸው ነበር።

ኢንስፔክተሩም አንዲት ብርጭቆ ደርሳዋለች። ብርቱካንም ቸኮላታም አላገኘባትም፤ ግን በጣም ወደዳት። ብርጭቆውን አስቀምጦ ሳይሰናበታቸው ሊወጣ ሲል፣ አማቹ ቆሞበት የነበረው ቦታ ላይ ጫማው ተያዘ። እግሩን ሲያነሣ ጭርርት አለ። ለሚስቱ ምን እንደሚላት እያሰበ፣ እየሳቀ ወጣ።